ሥጋ መዳቢው ያነበበው ራጅ

ቁርጭምጭሚቴ የታመመው ከማኪና ስወርድ ነው። ይህን የደብራችን ካህናት አልካዱም፤ የካዱት አለመዳኔን ነው። ሰው አንድ ጊዜ ወድቆ አንድ ጊዜ ከተነሣ፣ በነሱ ሐሳብ ጉዳዩ እዚያው ላይ ያልቃል።

አባቴ በጎንደር ከተማ ካሉት ደብሮች በአንዱ ደብተራ ነበር። ሲሞት ሁለት ነገር ተወልኝ፤ በማሕሌት የሚቆምበትን ቦታና በድብ ባሕር በኩል ያለችውን የድብትርና መሬት። ሁለቱ አይነጣጠሉም። ለማሕሌት የሚቆም መሬቱን ይበላል፤ መቆም ያቃተው እንደሆነ መሬቱ ለሌላ ይሰጣል። እኔና እናቴ ከዚያች መሬት በቀር መተዳደሪያ አልነበረንም። አንድ ገበሬ በእኩል ያርሳታል፤ በመከር ጊዜ እሄድና ድርሻችንን በማኪና ጭኜ አመጣለሁ፤ ዓመቱን እሱን እንበላለን። ስለዚህ ስለ አንዲት ቁርጭምጭሚት የተደረገው ያ ሁሉ ክርክር ከውጭ ለሚያየው የሚያስቅ ቢሆንም፣ ውስጡ ያለው የእናቴ ጉሮሮ ነበር።

ድምፄ መልካም አልነበረም። ዜማውን ከአባቴ እግር ሥር ተቀምጬ ለመድሁት፤ የቀረውን፣ ጋዜጣ ማንበቡንም ሆነ ጥቂት እንግሊዝኛ መልቀሙን፣ ያለ መምህር ራሴን በራሴ አስተማርሁ። ይህን ለማንም አልነገርሁም። በደብራችን ሰው ያልተማረውን ዐወቅሁ ሲል ይሰማል፤ የተማረውን ሲናገር ግን ይጠረጠራል።

ወደቅሁ ከማለት ወረድሁ ማለት ይቀላል። ጠላት ከወጣ በኋላ በደባርቅ መንገድ ይመላለሱ የነበሩት የጭነት ማኪናዎች ሰውን ከጆንያ ለይተው አያዩም ነበር። እኔም በገዛ እህላችን ላይ ተቀምጬ፣ ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ፣ አቧራውን እየዋጥሁ መጣሁ። ጎንደር ገበያው አጠገብ ስንደርስ ረዳቱ ውረዱ እያለ የማኪናውን ጎን ደበደበ። የኋላውን ጎማ ረግጬ ግራ እግሬን ወደ መሬት ሰደድሁ። እግሬ ያረፈው መንገድ ሠሪዎች ትተውት በሄዱት ድንጋይ ጠርዝ ላይ ነው። ውስጥ እግሬ ወደ ቀኝ ዞረና መላ ሰውነቴ በላዩ መጣበት። እርጥብ ጠፍር ሲበጠስ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ድምፁ የመጣው ከቁርጭምጭሚቴ የውጭ ጉብታ ሥር፣ ትንሽ ወደ ፊት ካለችው ጎድጓዳ ነው። ቦታውን እንዲህ ለይቼ የምጽፈው ከዚያ በኋላ ከጠየቁኝ ሰዎች ሁሉ አንዱም ስለ ድምፁ ስላልጠየቀኝ ነው።

ነጂው በመስኮት አንገቱን አውጥቶ አየኝና፣ «ምነው፣ ጆንያው እንኳ ሳይጮህ ወርዷል» አለኝ።

ወጌሻው በማግሥቱ መጣ። እግሬን ይዞ ጎተተ፣ አሸ፣ ቅቤ ቀባ፣ በቀርከሃ አሰረ። «ወልቆ ነበር፤ ገብቷል» አለ በአንድ ትንፋሽ። የወለቀውም የገባውም ምን እንደሆነ ብጠይቀው እናቴን አየና ልጅሽ ነገር ያበዛል አላት። እብጠቱ በጊዜው ጎደለ። ከዚያ በኋላ በሜዳ ላይ ስሄድ ማንም አንካሳ አይለኝም ነበር። የከተማችን የድንጋይ መንገድ ላይ ግን እግሬ በድንገት ከሥሬ ይሸሻል። በማሕሌት ደግሞ የባሰ ነው። በዝማሜ ጊዜ መቋሚያውን ይዘን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዘንበል ቀና ስንል ክብደቱ በእግር የውጭ ጠርዝ ላይ ያልፋል። ያኔ ቁርጭምጭሚቴ ሚስማሩ እንደላላ ማጠፊያ ይከፈታል። ሕመሙ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ መጀመሪያ የሚመጣው መከፈቱ ነው።

ሁለት ክረምት እንዲህ አለፈ። ዝማሜው ሲጀመር መቋሚያዬን በብብቴ ሸጉጬ እደገፍ ጀመር። ይህን መጀመሪያ ያየ ግራ ጌታው ነው።

ግራ ጌታው በማሕሌት የግራውን ወገን የሚመራ፣ ድምፁ የሚያምር፣ ከድምፁ በቀር የሚያምር ነገር የሌለው ሰው ነበር። የሁለት ደብር መሬት ይበላል። በአንደኛው ደብር ቆሞ አያውቅም፤ አንድ ድኻ ደብተራ ጥቂት እህል እየሰፈረለት በሱ ፈንታ ይቆምለታል። ይህም ሆኖ ስለ ሰው እግር ብዙ የሚያውቅ እሱ ነበር። ከዚያ ሌላ በቅርቡ ልጁን የዳረለት አማች አለው። አማቹ ዜማ አይሆንለትም፤ እግሩ ግን ደኅና ነው፤ መሬት የለውም።

አንድ ቀን ከማሕሌት ስንወጣ በሰው መካከል፣ «መቋሚያ የተሰጠህ ለዜማ ነው ወይስ ለምርኩዝ?» አለኝ። የቀሩት ሣቁ። እግሬን ያመኛል አልሁ። «እኔንስ መቼ ሳያመኝ ያውቃል?» አለና ሆዱን አሻሸ፤ እንደገና ሣቁ። ከዚያ በኋላ ባገኘው ቀን ሁሉ ታካች ይለኝ ጀመር። ከወር በኋላ ነገሩን ለደብሩ አለቃ አቀረበ፤ መሬቱ በታካች እጅ ተይዟል፣ ቦታው ለሚቆም ይሰጥ አለ።

አለቃው ክፉ ሰው አልነበሩም። ክፉ ለመሆን አንድ ነገር መወሰን ያስፈልጋል። የሚወዱት ቃል «ይታይ» የሚለው ነበር፤ ሁለት ሰዎች ቢጋደሉ እንኳ ከሬሳው አጠገብ ቆመው ይታይ የሚሉ ይመስለኛል። ያን ቀንም ይታይ ካሉ በኋላ ዘመኑ የማስረጃ ዘመን መሆኑን አስረድተው፣ ከሆስፒታል ውስጡን የሚያሳየውን ፎቶግራፍ፣ ራጅ የሚሉትን፣ እንዳመጣ አዘዙኝ። እኔም ደስ አለኝ። ራጅ የተባለውን ነገር በጋዜጣ አንብቤ ነበርና ሕመሜን አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጥልኝ መስሎኝ ነበር።

ሆስፒታሉ ውስጥ ፈረንጁን ሐኪም ከማየት በፊት አስተርጓሚውን ማለፍ ነበረብኝ። ከረባት ያሠረ፣ በደረት ኪሱ ሁለት እስክሪብቶ የሰካ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ጎልማሳ ነው። ምን ሆንህ አለኝ፤ ስነግረው ጥፍሩን ያይ ነበር። ከማኪና ስለ መውረዴ፣ ስለ ድምፁ፣ እግሬ ዘንበል ስል ስለ መከፈቱ የተናገርሁትን ሁሉ ለሐኪሙ በሦስት ቃል አስተላለፈለት። ሐኪሙ ጉብታውን ተጫነና ወደ ራጅ ክፍል ሰደደኝ።

ክፍሉ ጨለማ ነው፤ ጠረጴዛው እንደ ወንዝ ድንጋይ ይቀዘቅዛል። የራጁ ሠራተኛ በጀርባዬ አስተኛኝ፤ እግሬን አቃንቶ በአሸዋ ከረጢት ደገፈው። እግሬ በሕይወቱ እንደዚያ ተመችቶት አያውቅም። ተኝቼ እኮ አያመኝም፣ የሚያመኝ ስቆምና ስዘነብል ነው አልሁት። «አትናገር፤ ትንፋሽህን ያዝ» አለኝ። ቁርጭምጭሚት እንደሚተነፍስ ያን ቀን ዐወቅሁ። ትንፋሼን ያዝሁ፤ መሣሪያው ጮኸ፤ ተነሥ አለኝ።

ፊልሙ ታጥቦ ሲደርቅ ሐኪሙ ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየው። ቀጥሎ ረዘም ያለ ነገር ተናገረ። ከለቃቀምኋት እንግሊዝኛ ስብራት እንደሌለ ሲናገር ገባኝ። ከዚያ «ግን» የሚለውን ቃላቸውን ሰማሁ፤ ከሱ በኋላ ንግግሩ ከበፊቱ የበለጠ ረዘመ፤ በእጁም የሚጎተት ነገር ያሳይ ነበር። ሲጨርስ አስተርጓሚው ወደ እኔ ዞረ።

«ደኅና ነህ ይልሃል።»

«ከ‹ግን› በኋላ ያለውስ ምን ሆነ?» አልሁት።

ከረባቱን ነካ አደረገና ከላይ እስከ ታች አየኝ። «አንተ ሐኪም ነህ?»

አይደለሁም አልሁ። «እንግዲያው ራጅ አይዋሽም፤ አጥንትህ ደኅና ነው፤ ሂድ» አለኝ። ለአለቃው የሚታይ ነው ብዬ ስለለመንሁት ፊልሙን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። ያለ ክርክር የሰጠኝ እሱን ብቻ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ካህናቱ በደጀ ሰላሙ ተሰበሰቡ። ፊልሙን አለቃው ተቀበሉ፤ ወደ ብርሃን አነሡት፤ ተሳቀቁና ለጎናቸው ሰው አቀበሉት። አንዱ ለአንዱ ሲያቀብል ሁሉም የሚያደርገው አንድ ዓይነት ነበር፤ ያነሣል፣ ዓይኑን ያጨነቁራል፣ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ያቀብላል። የገዛ አጥንቴ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆሜ አየሁ። በመጨረሻ ይህን የሚያነብልን ማን ነው ተባለ። ሐኪሙ አንብቦታል፣ ስብራት የለም ብሏል አልሁ። ይህን ተናግሬ ነበር፤ ማንም አልሰማኝም፤ ምክንያቱም ግራ ጌታው በዚያው አፍታ ሥጋ መዳቢውን ጠራው።

ሥጋ መዳቢው በደብሩ ክብረ በዓል የሚታረደውን በሬ እየበለተ ለካህናቱ በየማዕረጋቸው የሚያድል ሽማግሌ ነው። ፍሪምባው የማን፣ ሻኛው የማን፣ ሽንጡ የማን እንደሆነ ከሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም፤ በዚህ ካህናቱ ከአለቃው ይልቅ እሱን ይፈራሉ። እጁ ቢላዋ ከያዘ ዐይኑን ጨፍኖ መገጣጠሚያውን ያገኘዋል ይባል ነበር።

«አያ፣ አጥንት የምታውቅ አንተ ነህ፤ እስቲ ተመልከትልን» አለው ግራ ጌታው።

ሽማግሌው እጁን በጋቢው ጠረገና ፊልሙን ተቀበለ። የእግሬን ጣቶች ወደ ሰማይ አድርጎ ያዘው። ብዙ ካየ በኋላ ገለበጠው።

«ይህ ቅልጥሙ ነው፤ ሸጋ ቅልጥም ነው» አለ። ቀጥሎ ጣቱን ወደ ታች አወረደ። «ከዚህ ሥር አንድ ወፍራም አጥንት መኖር ነበረበት። ወዴት አለ? ይኸው፣ አምስት ቦታ ተሰንጥቋል፤ እንደ ማገዶ። እዚህ መገጣጠሚያው ዘንድ ያለውማ ደቋል፤ ጠጠር ሆኗል። ይህ ልጅ በምን እየሄደ ነው የመጣው?»

ደጀ ሰላሙ በሐዘን ድምፅ ተሞላ። አንድ ወጣት ቄስ ብቻ ከኋላ፣ «አያ፣ የሰው እግር እንደ በሬ ነው እንዴ?» አለ።

ሥጋ መዳቢው ፊልሙን ሳያወርድ ዞሮ አየው። «ስንት በዓል ድርሻህን ስሰጥህ ኖሬ፣ ዛሬ አጥንት ልታስተምረኝ ነው?»

ተሣቀ። ቄሱም ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ በሚመጣው ክብረ በዓል ሊደርሰው የሚችለውን ጅማታም ሥጋ ሳያስብ አልቀረም። ሁላችንም ባዶ እግራችንን ነበርን። ከተሰበሰቡት አንዱ እንኳ አጎንብሶ የራሱን እግር ቢያይ፣ ወደ ጣቶቹ የሚወርዱትን አምስት አጥንቶች ከቆዳው ሥር ይቆጥራቸው ነበር። ሁሉም ፊልሙን ያያሉ እንጂ ወደ ታች ያየ አልነበረም።

አንዲት አፍታ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ይህ ድንቁርና ያወጣኛል ብዬ ነበር። አጥንቱ እንደ ማገዶ የተሰነጠቀ ሰው ታካች አይባልም። ግራ ጌታው ግን እንደኔ ቀስ ብሎ የሚያስብ አልነበረም።

«እግዚአብሔር ይማረው» አለ ፊቱን አጨፍግጎ። «ታካች ማለቴን ይቅር ይበለኝ። እንዲህ ከደቀቀማ ምን ክርክር አለው? በዚህ እግር ማሕሌት አይቆምም፤ መሬቱ እግር ላለው ይሰጥ።»

«አልተሰበረም፤ ሐኪሙ አልተሰበረም ብሏል» አልሁ።

«እንግዲያማ ቁም» አለኝ።

ከዚህ የሚያመልጥ መንገድ አልነበረም። የተሰበረ ከሆነ መሬቱ ይሄዳል፤ ያልተሰበረ ከሆነ በማልቆምበት እግር እቆማለሁ፤ ሳልቆም ስቀር መሬቱ ይሄዳል። ምትክ ላቁምን ብዬ ጠየቅሁ። አለቃው ምትክ ለሹማምንት እንጂ ለተራ ደብተራ እንዳልተለመደ ነገሩኝ፤ ሲናገሩ ግራ ጌታውን ላለማየት ጣራውን ያዩ ነበር። ቀጥሎ ይታይ አሉ፤ ከሚመጣው ክብረ በዓል በፊት ቁርጡን እንዳመጣ ቀን ሰጡኝ።

እናቴ ደጃፍ ላይ ሽንብራ ስትለቅም ደረስሁ። የሆነውን ሁሉ፣ የማገዶውንም ነገር ሳይቀር፣ ነገርኋት። አልሣቀችም።

«ምን ብትላቸው ነው መሬቱ የሚቀረን?» አለችኝ። «እሱን በላቸው።»

«እውነቱስ እማየ?»

«እውነቱን ለሐኪሙ ንገረው። እነሱ ምን ያደርጉለታል?»

ነገሩን ከሷ የተሻለ ያየው አልነበረም።

ሁለተኛ ጊዜ ሆስፒታል ስሄድ አስተርጓሚውን ላለማግኘት ሐኪሙ ከሚገባበት በር አጠገብ ቆምሁ። ሲመጣ ፊልሙን አሳየሁት፤ አስታወሰኝ። በንግግር እንደማንግባባ ዐውቄ ጫማዬን አወለቅሁና እዚያው ኮሪደሩ ላይ፣ በሕሙማኑና በአስታማሚዎቹ ፊት፣ በግራ እግሬ ቆሜ ዝማሜ ጀመርሁ። መቋሚያ አልያዝሁም፤ ባዶ እጄን ነው። አንዲት ሴት ልክፍት ነው መሰል ብላ አማተበች፤ አንዱ ከበሮው የታለ ሲል ሰማሁት። ሁለተኛው ዘንበል ላይ ቁርጭምጭሚቴ ተከፈተና ግድግዳውን ይዤ ተረፍሁ። ሐኪሙ አልሣቀም። ክንዴን ይዞ እሱ ራሱ ወደ ራጁ ክፍል ወሰደኝ።

ያን ቀን የተደረገው ሌላ ነገር ነው። ሐኪሙ የእርሳስ ብረት ያለበት ከባድ ጓንት እስከ ክርኑ አጠለቀ። በአንድ እጁ ቅልጥሜን ይዞ በሌላው ተረከዜን ወደ ውስጥ፣ ያን ቀን ድንጋዩ እንዳዞረው አድርጎ ገፋው። ሕመሙ ጥርሴን አፋጨኝ። እንደተገፋ ሳለ ፎቶግራፉ ተነሣ። ቀጥሎ ደኅናውን ቀኝ እግሬን እንዲሁ ይዞ፣ እንዲሁ ገፍቶ አስነሣው። ትንፋሽህን ያዝ ያለኝ ሰው አልነበረም።

ሁለቱን ፊልሞች መብራት ባለው ሳጥን ላይ ጎን ለጎን ሰቀላቸው። በቀኙ ላይ፣ በቅልጥሙና ከሥሩ ባለው አጥንት መካከል ያለችው ጥቁር መሥመር ከዳር እስከ ዳር እኩል ነበረች። በግራው ላይ ግን በውስጥ በኩል ጠብባ ትጀምርና ወደ ውጭ በኩል እየሰፋች ትሄዳለች፤ ገርበብ ብሎ እንደተተወ በር። አጥንቶቹ አንድም ስንጥቅ የላቸውም። የተለየው በመካከላቸው ያለው ባዶ ቦታ ብቻ ነው። ሁለት ክረምት ሙሉ ለሰው ማስረዳት ያቃተኝ ነገር ያው ነበር፤ መከፈቱ። ሣጥኑ ፊት ቆሜ የቆየሁትን ያህል በየትኛውም ሥዕል ፊት ቆሜ አላውቅም።

አስተርጓሚው ተጠራ። ሐኪሙ አጠገቡ ቆሞ በየዐረፍተ ነገሩ ስለ ጠበቀው በዚያ ቀን ምንም ማሳጠር አልቻለም። አጥንትን ከአጥንት የሚያስረው የውጭው ጅማት ተበጥሷል፤ ሲገጥም ላልቶ ገጥሟል። ጅማት በራጅ አይታይም፤ የሚታወቀው እግሩ ተገፍቶ አጥንቶቹ ሲለያዩ ነው። ተኝተህ ሳይነካ የተነሣው ፎቶግራፍ ይህን ሊያሳይ አይችልም፤ ይህን ባለፈውም ነግሬህ፣ ሕመሙ ካልተወህ ተመለስ ብዬህ ነበር። እዚህ ላይ አስተርጓሚው ድምፁን ዝቅ አደረገ። እግርህን አጥብቆ የሚይዝ እስከ ቅልጥም የሚደርስ የቆዳ ጫማ አሠራ፤ ረጅም ጊዜ ስትቆም እሱን አድርግ፤ ቀዶ ጥገና አለ፣ እዚህ አይደረግም።

አስተርጓሚውን ሳመሰግነው አልቀበልም ብሎ ፊቱን አዞረ። ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማማን።

በቀጠሮው ቀን ሁለቱን አዲስ ፊልሞች ይዤ ደጀ ሰላም ቀረብሁ። ለማሳየት ብዘረጋቸው ማንም እጁን አልሰደደም። ራጅ አንዴ አይተዋል፤ ሁለተኛ ጊዜ የሚያጓጓ ነገር አልነበረውም። ግራ ጌታው የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተሰብሯል ወይስ አልተሰበረም? አልተሰበረም፤ ጅማቱ ነው አልሁ። ስለ ጥቁሯ መሥመር ላስረዳ ስጀምር ሥጋ መዳቢው አቋረጠኝ። ባለፈው የተናገረው ስንጥቅ የት እንደ ገባ ማንም አልጠየቀውም፤ እሱም አላነሣው።

«ልጄ፣ ጅማት የማንም ድርሻ አይደለም» አለኝ በትዕግሥት፣ ሕፃን እንደሚያስተምር። «ከአለቃው እስከ ዕቃ ቤት ጠባቂው ብትጠይቅ ጅማት የሚደርሰው የለም። ለውሻ ነው የምንጥለው።»

ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለት ክረምት ሌሊቱንም ቀኑንም ያሠቃየኝ ነገር ለውሻ የሚጣል መሆኑ በአንድ ድምፅ ጸደቀ።

አለቃው እግሩ ካልተሰበረ ይቁም፤ በክብረ በዓሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከቆመ መሬቱ አይነካ፣ ከተቀመጠ ለሌላ ይሰጥ አሉ። ቁርጥ ነገር ሲናገሩ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። እኔም ሐኪሙ ያዘዘልኝን ጫማ አነሣሁ። ይህን የመሰለ ቁጣ አላየሁም። ጫማ አድርገህ ቤተ መቅደስ ልትገባ? አሉኝ። ጫማ ካልሆነ ውስጥ እግሩ ክፍት የሆነ የቆዳ መጠቅለያ አሠራለሁ አልሁ። በዚህ ላይ እውነተኛ ክርክር ተደረገ፤ ስለ እግሬ ከተደረገው ሁሉ ረጅሙ ይህ ነው። ታች የሌለው ጫማ ጫማ ነው ወይስ አይደለም? ሙሴ ጫማህን አውልቅ ሲባል የላይኛውን ነው ወይስ የታችኛውን? ግራ ጌታው ቆዳ ከሆነ ጫማ ነው ብሎ ዘጋው። ከራሱ በላይ የተሰቀለው ከበሮ በቆዳ የተወጠረ ነበር፤ በደረቱ የያዘው ዳዊት ማኅደሩ ቆዳ ነው። ሁለቱም ውስጥ ይገባሉ። አልተናገርሁም፤ ብናገር ኖሮ ከበሮውን ያስወጡት ነበር።

የቀረኝ ጨርቅ ነው። እናቴ አዲስ አቡጀዴ ቀደደችልኝ። በሐኪሙ እጅ ያየሁትን ገልብጬ አሰብሁት፤ እሱ ወደ ውስጥ ሲገፋ ከተከፈተ፣ ወደ ውጭ የሚጎትት እስር ይዘጋዋል። ጨርቁን እርጥቡን ከውስጥ እግሬ ጀምሬ በውጭው ጉብታ በኩል ወደ ላይ እየጎተትሁ አሰርሁት፤ ሲደርቅ ጠበቀ። ጣቶቼ ጠቆሩ።

በክብረ በዓሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቆምሁ። ስለ ዜማው የማስታውሰው የለም። የማስታውሰው ክብደቴን ከውጭው ጠርዝ ወደ ትልቁ ጣቴ እየመለስሁ መዘንበሌን፣ ወደ ግራ ሲሆን ግማሽ ያህል ብቻ መሄዴን፣ ግራ ጌታው ዜማውን እየመራ በዓይኑ እግሬን እየጠበቀ መሆኑን ነው። አማቹ ከበስተኋላ አዲስ ጥምጥም አድርጎ ቆሞ ነበር። አጋማሹ ላይ ግራ ጌታው ራሱ ዕድሜ ነው ብሎ ተቀመጠ። የሱን እግር ራጅ ያነሣ የለም።

ሲያልቅ ሁላችንም ወደ ደጀ ሰላሙ ሄድን። በእግሬ እየረገጥሁ ይሁን በሌላ ነገር አላውቅም፤ ከጉልበቴ በታች ያለው የኔ አልነበረም። አለቃው በሁሉ ፊት መሬቱ እንዳለ ይቆይ አሉ። ግራ ጌታው አልተከፋም፤ እንዲያውም ደስ ብሎት ወደ ካህናቱ ዞረ።

«አላልኋችሁም? መጀመሪያም ደኅና ነበር። ቆጣ ስንለው ዳነ።»

ተሣቀ፤ እግዚአብሔር ይመስገንም ተባለ። አንዳንዶቹ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ታካች ያሉኝ ሁሉ ትክክል እንደ ነበሩ በገዛ እግሬ አስመስክሬላቸው ነበርና ወደዱኝ። አለቃው ግን ጠጋ ብለው፣ በደግነትም ይሁን በልማድ፣ «ልጄ፣ አሁንስ ያምሃል?» አሉኝ።

ያመኛል ብል ነገሩ እንደገና ይታይ እንደሚባል፣ አማቹም እዚያው በር ላይ ቆሞ እንደሚጠብቅ ዐወቅሁ። እናቴ ከሴቶቹ መካከል በነጠላዋ ተሸፋፍና ታየኝ ነበር።

«አያመኝም አባቴ» አልሁ።

ለዚያች ቃሌ ማስረጃ የጠየቀኝ የለም።